ፍግ፣ ኮምፖስት፣ ማዳበሪያ፦ «ቃሉን ተዉት» ላሉን ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጓሮ አትክልት የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የጸሐፊው ብዕር ስል ነው፤ አንባቢን ይዞ ይሄዳል። እኔም ሳላቋርጥ ነው የጨረስኩት። ከጨረስኩ በኋላ ግን ዝም ማለት አቃተኝ። አንድ ጀማሪ ምክሩን አምኖ ቢከተል ችግኙ ይሞትበታል። አንደኛው ምክር እንዲያውም ሰው ያሳምማል።

ላላነበበው ሰው ሐሳቡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ። የአትክልት ሙያ ቃላት ተራውን ሰው ለማሸማቀቅ የተፈጠሩ ናቸው፤ ፍግ ተባለ ኮምፖስት ተባለ ያው ማዳበሪያ ነው። የላቲን ስም ጉራ ነው። በቴሌቪዥን የምናያቸው ዝነኛ አትክልተኞች ተዋናዮች እንጂ ባለሙያዎች አይደሉም። ዝነኞቹ የምግብ ባለሙያዎች ደግሞ እንቁላል መቀቀል እያስተማሩ ሰውን ይንቃሉ፤ «ይፍላ»፣ «በቀስታ ይብሰል» እያሉ ቃል ማብዛታቸውም ለማስመሰል ነው። በመጨረሻም እውነተኛ አትክልተኛ የሚማረው በእጁ ነው፣ በቃል አይደለም ይላሉ።

በየተራ ልሂድባቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ፍግ፣ ኮምፖስትና ማዳበሪያ አንድ አይደሉም። ይህን የምለው ቃል ለመሰንጠቅ ብዬ አይደለም፤ ደርሶብኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት መደብ ቲማቲም ተክዬ ነበር። አንድ ሻጭ «ኮምፖስት ነው» ብሎ ሁለት ጆንያ ሸጠልኝ። ጥቁር ነው፣ እርጥብ ነው፣ ላየው ሰው ያምራል። የጆንያውን አፍ ስፈታው ግን ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ወጣ። የአሞኒያ ሽታ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። ጥሩ ማዳበሪያ መሽተቱ አይቀርም ብዬ በየችግኙ ሥር አንድ አንድ እፍኝ አደረግሁ። በአምስተኛው ቀን የታችኞቹ ቅጠሎች ጫፋቸው ቡናማ ሆነ። ከዚያ ቅጠሉ እንደ ወረቀት ደርቆ ወደ ውስጥ ተጠቀለለ። አንዱን ችግኝ ነቅዬ ሥሩን አየሁት። ነጭ መሆን የነበረበት ሥር ጠቁሯል። በጣቴ ሳሸት ቆዳው እንደ እርጥብ ክር ተገፎ በእጄ ቀረ። የተሸጠልኝ ያልበሰለ የዶሮ ፍግ ነበር።

ፍግ ማለት የእንስሳ እበት ወይም ኩስ ነው፤ ምናልባትም ከጉዝጓዙ ጋር። ትኩስ ሲሆን፣ በተለይ የዶሮው፣ አሞኒያውና ጨው ነክ ንጥረ ነገሩ ሥር ያቃጥላል። በሽታ አምጪ ተሕዋስያንም ሊኖሩበት ይችላሉ። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። የሚበላው ክፍል አፈር ከሚነካ ሰብል ላይ ጥሬ ፍግ ከተጨመረ እስከ መሰብሰቢያው ቢያንስ 120 ቀን ማለፍ አለበት። አፈር ለማይነካው ደግሞ 90 ቀን።

ኮምፖስት ሌላ ነገር ነው። ፍግ ሊገባበት ይችላል፤ ግን በስሎ ነው የሚወጣው። የደረቀው ነገር፣ ማለትም ገለባው፣ የደረቀ ቅጠሉ፣ ከእርጥቡ ጋር ተመጥኖ ይከመራል። ሲጀመር ካርቦኑ ከናይትሮጅኑ ከ25 እስከ 30 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። ውሃና አየር ካገኘ ጥቃቅን ተሕዋስያን ይሠሩበታል። የክምሩ ሆድ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እጅ ቢያስገቡበት አያስቆምም። ያ ሙቀት በቂ ጊዜ ከቆየና ክምሩ እየተገላበጠ ሁሉም ክፍል ካገኘው አብዛኛውን የአረም ዘርና ብዙውን በሽታ አምጪ ይገድላል። ከወራት በኋላ የሚወጣው ብስባሽ ሲያሸቱት ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ያ ሽታ ነው መለያው። ያንን ባውቅ ኖሮ ጆንያውን እንደ ፈታሁት መልሼ አስረው ነበር።

ማዳበሪያ ደግሞ ሰፊ ቃል ነው። ከረጢት ላይ ሦስት ቁጥር የተጻፈበትን ስንገዛ፣ ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም መጠን በመቶኛ ናቸው። 10-10-10 ከሚል የ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ የናይትሮጅኑ ድርሻ 5 ኪሎ ነው። እሱ ተክል ይመግባል። ኮምፖስት በዋናነት አፈሩን ነው የሚሠራው። አሸዋማው ውሃ እንዲይዝ፣ ሸክላማው እንዲላላ ያደርጋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ሦስቱንም «ማዳበሪያ» ብሎ የሚጠራ ሰው በኮምፖስት ልክ ፍግ ያፈሳል፣ በፍግ ልክ ዩሪያ ይበትናል። ከዚያ ተክሉ ሲደርቅ እጄ አይባረክም ብሎ ራሱን ይወቅሳል። የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ጸሐፊው በአንድ ነገር ትክክል ናቸው። አንዳንዱ ቃል እውነትም ግራ ያጋባል። እንግሊዞች «ኮምፖስት» ሲሉ የጓሮ ክምሩንም ማለታቸው ነው፣ በላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን የማሰሮ አፈርም ማለታቸው ነው። ከእነሱ ቪዲዮ የሚማር ጀማሪ ዘሩን ከጓሮው ክምር ላይ ይዘራና ይቸገራል። «ኦርጋኒክ»ም እንዲሁ ነው። ለኬሚስቱ ካርቦን ያለበት ውህድ ነው፤ ለአምራቹ የምስክር ወረቀት ነው፤ ለሻጩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋጋ መጨመሪያ ነው። የዚህ መፍትሔው ግን ቃሉን መጣል አይደለም። ምን ማለትዎ ነው ብሎ መጠየቅ ነው።

የእኛው አማርኛም ውስጥ አንድ ቃል አለ፤ ጸሐፊው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። «የተዳቀለ» እንላለን። ሁለት ዝርያዎችን በአበባ ብናኝ አገናኝቶ የተገኘው ዘርም የተዳቀለ ነው። የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ ማጣበቅም ማዳቀል ነው። ተራ አትክልተኛ በዚህ ብዙ ይጎዳል። በመጀመሪያው መንገድ የተገኘ ዲቃላ ቲማቲም ዘሩን አስቀምጠው ቢዘሩት ልጆቹ እናታቸውን አይመስሉም። አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ዘግይቶ የሚያፈራ ይሆናል። በሁለተኛው መንገድ የተዳቀለ የፍራፍሬ ዛፍ ላይ ደግሞ መጠንቀቅ ያለብን ከመጋጠሚያው በታች ለሚያቆጠቁጠው ነው። ያ ቁጥቋጥ የታችኛው ግንድ ነው። ዝም ከተባለ የላይኛውን ጉልበት ይነጥቃል፤ የጠበቁትን ፍሬም አይሰጥም። አንድ ቃል፣ ሁለት ነገር፣ ሁለት የተለያየ ጥንቃቄ። ተጨማሪ ቃል እንጂ ያነሰ ቃል አያስፈልገንም።

መግረዝና መከርከምም እንዲህ ናቸው። አጥር ሲከረከም ገጹ ነው የሚስተካከለው። ዛፍ ሲገረዝ ግን ተመርጦ ነው፣ የቱ ቅርንጫፍ ይቆይ፣ የቱ ይሂድ ተብሎ። የት ላይ እንደሚቆረጥ ደግሞ ልዩ ስም አለው። ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚወጣበትን ቦታ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቀለበት የመሰለ እብጠት አለ፤ ቆዳው ትንሽ የተጨማደደ ነው። ባለሙያዎች የቅርንጫፉ አንገት ይሉታል። መጋዙ ከዚያ እብጠት ወዲያ፣ በቅርንጫፉ በኩል ነው ማረፍ ያለበት። ድሮ የሚመከረው ከግንዱ ጋር እኩል አድርጎ ማስተካከልና ቁስሉን ቀለም መቀባት ነበር። በአሜሪካ የደን አገልግሎት ይሠራ የነበረው አሌክስ ሺጎ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችን እየሰነጠቀ ውስጣቸውን አየ። ዛፍ ቁስሉን እንደ እኛ አያድንም፤ አጥሮ ይዘጋዋል። የሚዘጋውም ከዚያ አንገት ተነስቶ ነው። አንገቱን የቆረጠ ሰው የዛፉን መከላከያ ነው የቆረጠው። ቀለሙም መበስበስን አይከለክልም። ይህን ሁሉ የያዘው «አንገት» የሚለው አንድ ቃል ነው። እሱን ለማሸማቀቂያ የመጣ ነው ማለት ይከብደኛል።

ወደ ላቲኑ ልምጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የተክልን ስም ግን ሰው ነው ያወጣው፤ አውጥቶም ደንብ አበጀለት። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1753 ለእያንዳንዱ ተክል ሁለት ቃል ብቻ ሰጠ። ከእሱ በፊት የአንድ ተክል ስም ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚያህልበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ነገሩ የመጣው ለማሳጠር ነው፤ ጸሐፊው እንዳሉት ለማወሳሰብ አይደለም።

ጥቅሙ የሚታየው ደግሞ መርዝ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ «ጣፋጭ አተር» የሚባል ውብ አበባ አለ። ስሙን ብቻ የሰማ ሰው ፍሬውን ቢቀምሰው አይፈረድበትም። ላቲረስ ኦዶራተስ ነው፤ ዘሩ መርዛማ ነው። የምንበላው አተር ፒሰም ሳቲቨም ይባላል። ከወጥ ቤት ደግሞ ሌላ ምሳሌ አለ። ስታር አኒስ የሚባለው ኮከብ የመሰለ ቅመም የኢሊሲየም ቬረም ፍሬ ነው። ዘመዱ ኢሊሲየም አኒሳተም መርዛማ ነው። ሁለቱ ከደረቁ በኋላ በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራሉ። በ2003 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በዚህ ቅመም የተፈላ ሻይ እንዳይጠጣ ያስጠነቀቀው ሰዎች ከጠጡ በኋላ ታመው ስለነበር ነው። እሽጉ ላይ ያለው ያ «ጉራ» የሚሉት ሁለተኛ ቃል ነው መድኃኒትን ከመርዝ የሚለየው።

የላቲኑ ስም እየተቀያየረ ያሰለቻል ለሚሉት እሺ፣ ያሰለቻል። ቲማቲምን ሊኒየስ ከድንች ጋር በአንድ ወገን አስቀመጠው። ብዙም ሳይቆይ ሌሎች ለይተው የራሱን ወገን ሰጡት። በዘረመል ጥናት ደግሞ ሊኒየስ ወዳስቀመጠው ተመለሰ። አሁን ሶላነም ሊኮፐርሲከም ነው፤ ድንቹ ሶላነም ቲዩበሮሰም። ግን ይህን ዝምድና ያወቀ ሰው ድንች በነበረበት መደብ ላይ በቀጣዩ ወቅት ቲማቲም አይተክልም። ሁለቱንም የሚያጠቃው የድንች ዋግ አንድ ነውና። ከስሙ ላይ ብቻ ይህን ያህል ማንበብ ይቻላል።

ቲማቲም ፍራፍሬ ነው አትክልት የሚለውን ክርክርም ጸሐፊው ለማላገጫ አንስተውታል። ለእጽዋት ተመራማሪው ፍሬ ነው፤ ለምግብ አብሳዩ አትክልት ነው። ነገሩ በ1893 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል። ያኔ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ ቀረጥ ነበር፤ ፍራፍሬ ላይ አልነበረም። ፍርድ ቤቱ በዕለት ተዕለት አነጋገር አትክልት ነው ብሎ ወሰነ። ቃል ገንዘብ እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ጸሐፊው በዝነኞቹ ላይ የጨከኑ መሰለኝ።

«ተዋናዮች ናቸው» ይላሉ። የብሪታኒያዎቹን እንይ፤ በዚህ ሙያ ብዙ ዝነኛ ያወጡት እነሱ ናቸውና። አለን ቲችማርሽ በ15 ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ በማዘጋጃ ቤት ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ተለማማጅ ሆኖ ነው የጀመረው። በኋላ ኪው በሚገኘው ታዋቂ የእጽዋት ማዕከል ተማረ። ፐርሲ ስሮወር ከ1946 እስከ 1974 የሽሩስበሪ ከተማን መናፈሻዎች ያስተዳድር ነበር። ካሜራ ፊት የቆመው እጁ ላይ አፈር እያለ ነው። ሞንቲ ዶን እውነት ነው፣ በመደበኛ ትምህርት የሠለጠነ አትክልተኛ አይደለም። ቀድሞ ከባለቤቱ ጋር የጌጣጌጥ ሥራ ነበረው። ግን ጸሐፊው ራሳቸው «እውነተኛ አትክልተኛ በእጁ ነው የሚማረው» ብለውናል። ሞንቲ ዶን በእጁ የተማረ ነው። ታዲያ በምን ሒሳብ ነው ወረቀት ስለሌለው የሚነቀፈው? ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

እኔ ዝነኛን የምለካበት ሌላ መለኪያ አለኝ። ሲሳሳት ምን ያደርጋል? ጄፍ ሃሚልተን የሚባል የብሪታኒያ የቴሌቪዥን አትክልተኛ ነበር፤ በ1996 ነው ያረፈው። መጀመሪያ እንደማንኛውም አትክልተኛ ኬሚካል ይጠቀም ነበር። በራሱ ቦታ ላይ ኬሚካል ያለበትንና የሌለበትን ጎን ለጎን እያለማ አነጻጸረ። ከዚያ አቋሙን ቀየረ፤ መቀየሩንም ለተመልካቹ በግልጽ አሳየ። ፒት ለሚባለው ረግረጋማ አፈርም ምትክ ከፈለጉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ፒት በዓመት የሚጨምረው አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ክንድ ጥልቀት ለመሙላት አምስት መቶ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ እኛ ግን በአንድ ወቅት የአበባ ማሰሮ ውስጥ እንጨርሰዋለን። ብዙ ሕዝብ የሚያምነው ሰው እንዲህ ሲል፣ የሚሰማው ጆሮ የአንድ ተመራማሪ ጽሑፍ ከሚያገኘው አንባቢ እጅግ ይበልጣል። ዝና እዚህ ላይ ሥራ ሠርቷል።

ጸሐፊው ቢያነሱት የምስማማበት ነገር ግን ነበር። ገንዘብ ነው። ስሮወር ያን ሁሉ ዓመት የሠራበትን የቢቢሲ ፕሮግራም በ1970ዎቹ አጋማሽ ያጣው አይሲአይ ከሚባል የኬሚካል ኩባንያ ጋር የማስታወቂያ ውል በመፈረሙ ነው። ሰውየው ያው ባለሙያ ነው፤ እውቀቱ አልቀነሰም። ግን ተመልካች ከዚያ በኋላ «ይህን ርጩ» ሲለው ምክር ይሁን ሽያጭ በምን ይለያል? ዝነኛ አትክልተኛ ላይ ጥያቄ ካለን ይህ ነው ጥያቄው። ማነው የከፈለው?

ሁለተኛው ችግር የቆየ ተረት ሳይፈትሹ መድገማቸው ነው። በቀትር ፀሐይ ውሃ ካጠጣችሁ ጠብታው እንደ ሌንስ ሆኖ ቅጠል ያቃጥላል ይባላል። የሃንጋሪ ተመራማሪዎች ፈትሸው በ2010 አሳተሙት። ለስላሳ ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ አያቃጥልም፤ ፀጉራም ቅጠል ጠብታውን ከፍ አድርጎ ሲይዘው ብቻ ነው የሚያሰጋው። በቀትር አለማጠጣት ጥሩ ነው፤ ምክንያቱ ግን ትነቱ ነው።

ከሁሉም የከፋው ማሰሮ ሥር ጠጠር አድርጉ የሚለው ነው። ውሃ እንዲወርድ ተብሎ። ስንት ታዋቂ ሰው ሲለው ሰምቻለሁ፤ እኔም ለዓመታት አድርጌዋለሁ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሰዱና ውሃ አጥግቡት። ጠፍጣፋውን በመዳፋችሁ ላይ አስተኙት። ይንጠባጠባል፣ ከዚያ ያቆማል። አሁን ቀና አድርጋችሁ በቁመቱ አቁሙት። ውሃው እንደገና ይወርዳል። ማንም አልጨመቀውም፤ ቁመቱ ብቻ ነው የጨመረው። አፈርም እንደዚያ ነው። ከታች ሁልጊዜ ውሃ ጠግቦ የሚቀር ንብርብር አለ። ጠጠር ስናደርግ አፈሩን እናሳጥረዋለን፣ ያንን የረጠበ ንብርብር ወደ ሥሩ እናስጠጋዋለን። ውሃ ደግሞ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር የሚያልፈው ደቃቁ ሙሉ በሙሉ ሲጠግብ ነው። ሥር ይታፈናል። ማሰሮው ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ጠጠር አያስፈልገውም።

የምግቡን ነገር ልጨምር። ብሪታኒያዊቷ የምግብ ባለሙያ ዴሊያ ስሚዝ በ1998 በቴሌቪዥን እንቁላል እንዴት እንደሚቀቀል አስተማረች። ጸሐፊው ንቀት ያሉት ይህን ነው። ያኔም አንድ ሌላ ዝነኛ ሼፍ ተመሳሳይ ነገር ብሎ ነበር። ሕዝቡ ግን አልተናቀም። የእንቁላል ሽያጭ ጨመረ። በ2001 ስሟ ራሱ በኮሊንስ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገባ። እንቁላል መቀቀል ሰው አፍሮ የማይጠይቀው ጥያቄ ነበር። አስኳሉ ለምን ዙሪያው አረንጓዴ ይሆናል? ለምን ይሰነጠቃል? አንድ ሰው ሳይሳለቅ ሲመልስለት ደስ አለው። ንቀት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሌላውን ይመልከት። በ1976 ሌላዋ የብሪታኒያ ዝነኛ የቴሌቪዥን አብሳይ ፋኒ ክራዶክ የምግብ ውድድር ያሸነፈችን አንዲት የገበሬ ሚስት በካሜራ ፊት ፊቷን አኮሳትራ፣ ምግቧን አጣጥላ አዋረደቻት። ተመልካቹ ተቆጣ፤ ቢቢሲም ከእሷ ጋር መሥራት አቆመ። ሰው የሚያዋርደውንና የሚያስተምረውን ይለያል።

አሜሪካዊቷን የቴሌቪዥን አብሳይ ጁሊያ ቻይልድን የምወዳትም ለዚህ ነው። ፓሪስ ውስጥ ምግብ ማብሰያ ትምህርት ቤት ስትገባ ወደ አርባ የተጠጋች ሴት ነበረች። በ1963 ፕሮግራሟ ሲጀምር የድንች ቂጣ አየር ላይ ልትገለብጥ ስትል ግማሹ ምድጃው ላይ ፈሰሰ። ሰብስባ ወደ መጥበሻው መለሰችውና ቀጠለች። ያንን ቆርጠው ቢያወጡት ኖሮ ስንቱ ጀማሪ ለእኔ ብቻ ነው የሚበላሸው ብሎ ይቀር ነበር።

«ይፍላ» እና «በቀስታ ይብሰል» ልዩነታቸው ለማስመሰል ነው ያሉት ላይ ግን ዝም ማለት አልችልም። ሰው ያሳምማል ያልኩት ምክር ይሄኛው ነው። ቀይ ቦሎቄ ውስጥ ፋይቶሂማግሉቲኒን የሚባል መርዝ አለ። ጥሬው ከሆነ አራት አምስት ፍሬ እንኳ ሊያስታውክ ይችላል። መርዙን የሚያጠፋው በደንብ ተንተክትኮ መፍላት ነው። ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፣ ውሃውን ድፉት፣ በአዲስ ውሃ አፍሉት። ብሪታኒያዎች ቢያንስ 10 ደቂቃ ይላሉ፤ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለጥንቃቄ 30 ይመክራል። በ80 ዲግሪ አካባቢ በቀስታ ብቻ ያበሰለው ሰው መርዙን አያጠፋውም፤ ከጥሬው የባሰ ሊያደርገው ይችላል። በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ውስጥ በቀጥታ የሚጨምሩት ሰዎች የሚታመሙት በዚህ ነው። ቦሎቄው ለስልሷል፣ የበሰለም ይመስላል። ድስቱን ከፍታችሁ እዩ። ትንንሽ አረፋ ዳር ዳሩን ብቻ ካለ፣ ያ መፍላት አይደለም። ላዩ ሁሉ ሲገለባበጥ፣ በማንኪያ ብታማስሉት እንኳ መንተክተኩ ሳይቆም ሲቀር፣ ያኔ ፈላ ይባላል። ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ዝነኞቹ አብሳዮች ላይ የምወቅሰው ጊዜን መስረቃቸውን ነው። ሽንኩርት አምስት ደቂቃ አቁላሉና ቡናማና ጣፋጭ ይሆናል ይላሉ። አይሆንም። አርባ ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ በቀስታ እሳት። ቪዲዮው ተቆርጦ ስለሚቀጠል አይታይም። ቤት ውስጥ የሚሞክረው ሰው በአሥረኛው ደቂቃ እሳቱን ይጨምራል፣ ያሳርረዋል። ሥጋን በከፍተኛ እሳት ጠበስ ማድረግ ጭማቂውን ያሽጋል የሚለውም የቆየ ስህተት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ሊቢግ በ1847 ነበር ያስፋፋው። የሚገኘው ጣዕም ነው እንጂ ማሸጊያ የለም። ጸሐፊው እነዚህን ቢያነሱ አጨበጭብላቸው ነበር።

በእጅ እንጂ በቃል አይማርም የሚለው ቀረ። ለዚህ መልሱ ጸሐፊው ራሳቸው ጽሑፍ ውስጥ አለ። ባለፈው ወቅት የቃሪያ ችግኛቸው በአንድ ሌሊት እንደወደቀ ጽፈዋል። ማታ ቆሞ የነበረው ጠዋት ተኝቶ ተገኘ፤ ግንዱ አፈሩ ጋ ሲደርስ እንደ ክር ቀጥኗል። ዘሩ መጥፎ ነበር ብለው ደምድመው አዲስ ዘር ገዙ። እሱም ወደቀ።

ዘሩ ምንም አልሆነም፤ በቅሏልኮ። ይህ ዳምፒንግ ኦፍ የሚባል በሽታ ነው። ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የመሳሰሉ በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩ ተሕዋስያን ያመጡታል። ስሙን ቢያውቁት ኖሮ በመጀመሪያው ቀን መፍትሔውን ያገኙት ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ አሮጌውን አፈር አይድገሙት፤ ማሰሮውን በሳሙና አጥበው በረኪና በቀላቀሉበት ውሃ ይዘፍዝፉት፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ዘሩን አራርቀው ይዝሩ። ውሃውን ከላይ አያፍስሱ፤ ማሰሮውን ውሃ ያለበት ሳህን ላይ ያስቀምጡና ከታች ይምጠጥ። ላዩ ሲረጥብ ያንሱት። በላስቲክ ሸፍነው ከሆነ ብቅ እንዳለ ይግለጡት፣ አየር ይዙርበት። የወደቀውን አጠገቡ ካለው አፈር ጋር አንስተው ይጣሉ እንጂ ለማቃናት አይሞክሩ፤ አይነሳም። የገዙት ሁለተኛው ዘር ከተረፈዎት አይጣሉት። እሱ ደህና ነው።